ከዕፅዋት የተሠራ ፕላስቲክ ወይስ የተለመደው? ለሱቅ፣ ለምግብ ቤትና ለችግኝ ጣቢያ የቀረበ የንጽጽር መመሪያ

በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ላልበለጠ የፕላስቲክ ከረጢት የማምረትም ሆነ የማስመጣት ፈቃድ እንዳይሰጥ ከልክሎ፣ ገበያ ላይ የሚውል የፕላስቲክ ከረጢት የሚበሰብስ መሆኑ ወይም አለመሆኑ በላዩ ላይ እንዲገለጽ ያዝዝ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ አዋጅ ከዚያ አልፎ በተለምዶ ፌስታል የምንለውን የአንድ ጊዜ መገልገያ ከረጢት ከልክሏል፤ ይዞ የተገኘ ሰውም ከ2,000 እስከ 5,000 ብር እንዲቀጣ ደንግጓል። ባለሱቁ፣ ዳቦ ቤቱና ቡና ቤቱ «በምን እንተካው?» ብለው መጠየቃቸው ስለዚህ ነው፤ ከበቆሎ፣ ከሸንኮራ አገዳ ወይም ከካሳቫ ተሠሩ የሚባሉ ከረጢቶች፣ ኩባያዎችና ሳህኖችም እንደ መልስ ይቀርባሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ለሁሉም ዕቃ አንድ አይደለም። ዕቃው ከምን ተሠራ ከሚለው በፊት ተጠቅመንበት ስንጥለው የት ያርፋል የሚለው መታየት አለበት፤ በዚህ መመሪያ ውስጥ ያለው ንጽጽር ሁሉ የሚነሣው ከዚያ ነው።

ከዕፅዋት መሠራትና መበስበስ

ብዙው ስሕተት የሚጀምረው እነዚህን ሁለት ነገሮች አንድ አድርጎ ከማየት ነው። ብራስኬም የተባለው የብራዚል ኩባንያ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሸንኮራ አገዳ አልኮል ፖሊኤቲሊንን፣ ማለትም ፌስታል የሚሠራበትን ፕላስቲክ፣ በብዛት ያመርታል። ይህ ፕላስቲክ በኬሚካዊ አሠራሩ ከነዳጅ ዘይት ከሚገኘው ፖሊኤቲሊን አይለይም፤ ስለዚህ እንደ እሱ ይጠነክራል፣ ከእሱ ጋር አብሮ ቀልጦ እንደገና ሊሠራ ይችላል፣ ሜዳ ላይ ሲጣልም እንደ እሱ ለረጅም ዘመን ሳይበሰብስ ይቀመጣል። በተቃራኒው ፒ.ቢ.ኤ.ቲ. በሚል ምኅጻረ ቃል የሚታወቀው ለስላሳ ፕላስቲክ በአብዛኛው የሚሠራው ከነዳጅ ዘይት ቢሆንም፣ ተስማሚ ሁኔታ ሲያገኝ ረቂቅ ተሕዋስያን ይበሉታል። ዛሬ «የሚበሰብስ» ተብለው የሚሸጡት አብዛኞቹ ስስ ከረጢቶች የዚህ የፒ.ቢ.ኤ.ቲ. እና የስታርች፣ ወይም ከታች የምናየው ፒ.ኤል.ኤ. የተባለ ከዕፅዋት የሚሠራ ፕላስቲክ፣ ቅልቅል ናቸው፤ «መቶ በመቶ ከዕፅዋት» የሚል ጽሑፍ የያዘ ለስላሳ ከረጢት ሲቀርብ አቅራቢውን ስለ ቅልቅሉ መጠየቅ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ከሁለቱም የማይመደብ፣ ፈጽሞ ሊገዛ የማይገባው ሦስተኛ ዓይነት ደግሞ አለ። ይህ «ኦክሶ» የሚል ቅጥያ የሚሰጠው፣ በተለመደው ፖሊኤቲሊን ላይ መሰባበርን የሚያፋጥን የብረት ጨው የተጨመረበት ከረጢት ነው። ፀሐይና ሙቀት ሲያገኘው ቶሎ ይበጣጠሳል፤ ዓይን የማያየው ደቃቅ ሆኖ በአፈርና በውኃ ውስጥ ስለሚቀር ጠፋ ቢባልም አልጠፋም። የአውሮፓ ኅብረት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ይህን ዓይነት ፕላስቲክ ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ከገበያው አስወጥቶታል። በእኔ ግምት ከተለመደው ፌስታል እንኳ የከፋ ነው፤ ፌስታሉን ቢያንስ ማንሣት ይቻላል፣ የተበጣጠሰውን ግን ከአፈር ለይቶ የሚለቅም የለም።

ከእርጎ አሲድ የሚሠራው ፕላስቲክ

ከዕፅዋት ከሚገኙትና ከሚበሰብሱት መካከል በሰፊው የሚታወቀው ፒ.ኤል.ኤ. ነው። አሠራሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የበቆሎ ስታርች ወይም የሸንኮራ ስኳር ለባክቴሪያ ይሰጥና ይብላላል፣ ከዚያ የሚወጣው ላክቲክ አሲድ እርጎን የሚያኮመጥጠው ያው አሲድ ነው። ይህን አሲድ እንደ ሰንሰለት በመቀጣጠል ጠንካራና ጥርት ያለ ፕላስቲክ ይገኛል። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች በአሜሪካ ነብራስካ ግዛት በብሌር ከተማ እና በታይላንድ ራዮንግ ይገኛሉ። ከእሱ ቀዝቃዛ የጭማቂ ኩባያ፣ የሰላጣ መያዣ፣ የወረቀት ኩባያ ልባስና የሦስት አቅጣጫ ማተሚያ ክር ይሠራል።

ፒ.ኤል.ኤ.ን ለመምረጥም ሆነ ለመተው አንድ ቁጥር ይበቃል፤ እሱም 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ወደዚህ ሙቀት ሲጠጋ፣ ማለትም ከ55 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ፣ ይለሰልሳል። ስለዚህ ትኩስ ሻይ የተቀዳበት ተራ የፒ.ኤል.ኤ. ኩባያ ይጨማደዳል፤ በከባድ ፀሐይ የቆመ መኪና ውስጥ የተተወም ቅርጹን ሊያጣ ይችላል። የመበስበሱም ምስጢር ያው ነው። ሰንሰለቱ በመጀመሪያ በእርጥበትና በሙቀት መቆራረጥ አለበት፣ ረቂቅ ተሕዋስያኑም ቀጥለው ያጠረውን ይበሉታል፤ መቆራረጡ በፍጥነት የሚካሄደው ግን ወደ 60 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት ነው። እንዲህ ያለ ሙቀት ያለማቋረጥ የሚገኘው በትልቁ ተከምሮ፣ አየርና ውኃ እየተለካ በሚሰጠው የኢንዱስትሪ ኮምፖስት ማምረቻ ውስጥ ነው። የአዲስ አበባ የዓመት አማካይ ሙቀት ወደ 16 ዲግሪ ነው። እንዲህ ባለ አፈር ውስጥ የተቀበረ የፒ.ኤል.ኤ. ማንኪያ ዓመታትን ይቆያል፤ ዳቦ የተጋገረበት የኮባ ቅጠል ጓሮ ሲጣል እንደሚሆነው አይሆንም። «ከበቆሎ ነው» የሚለው ቃል ብዙ ገዢ የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው፤ በቆሎው በፋብሪካ ውስጥ በቆሎነቱን ትቷል።

ፒ.ኤች.ኤ. የተባለው ሌላው ወገን በዚህ ረገድ ይሻላል። ባክቴሪያዎች ምግብ ሲተርፋቸው እንደ ስብ በሰውነታቸው የሚያከማቹት ነገር ነው፤ ፈረንሳዊው ሞሪስ ለሟኝ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. በፓስተር ተቋም ያገኘው ነው። ተሕዋስያን ራሳቸው የሚሠሩት ስለሆነ የሚበሉትም ተሕዋስያን በአፈርም በባሕርም ይገኛሉ። ችግሩ ውድ መሆኑና በዓለም ላይ የሚመረተው መጠን ትንሽ መሆኑ ነው።

ጽሑፉን ማንበብ

«የሚበሰብስ» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግርም፤ የት፣ በምን ሙቀት፣ በስንት ጊዜ የሚለው ካልተጨመረበት እንጨትም ይበሰብሳል፣ ቆዳም ይበሰብሳል። በአሜሪካ የካሊፎርኒያና የዋሽንግተን ግዛቶች ሕግ በፕላስቲክ ዕቃ ላይ ይህን ልቅ ቃል መጻፍን እስከ መከልከል የደረሱት ለዚህ ነው። ሊታመን የሚችለው የታወቀ ደረጃ የተጠቀሰበትና በገለልተኛ ተቋም የተረጋገጠ ጽሑፍ ነው።

የአውሮፓው ደረጃ ኢኤን 13432 ይባላል። በ58 ዲግሪ ገደማ በሚካሄድ ፈተና ዕቃው በ12 ሳምንት ተበጣጥሶ ከ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት በላይ የሚቀረው ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ በ6 ወር ጊዜም ቢያንስ 90 በመቶው ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዲለወጥ ይጠይቃል። የከባድ ብረቶችንና የፍሎሪንን መጠንም ይገድባል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከሸንኮራ ገለባ ለሚሠሩ ሳህኖች ትልቅ ትርጉም አለው፤ ዘይትና ወጥ እንዳያሳልፉ ሲባል ፍሎሪን ያለበት፣ ከአካባቢ የማይጠፋ ኬሚካል የተቀቡ አሉና። የአሜሪካው ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. ዲ6400 ተመሳሳይ ነው። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ ኢንዱስትሪ ማምረቻ እንጂ ስለ ጓሮ ጉድጓድ አይደለም። ለጓሮ ኮምፖስት የወጡት የአውስትራሊያው ኤ.ኤስ. 5810 እና የፈረንሳዩ ኤን.ኤፍ. ቲ51-800 ናቸው፤ ፈተናቸው ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ባለ ሙቀት ሲሆን የሚሰጡት ጊዜም እስከ 12 ወር ይደርሳል። ቱቭ ኦስትሪያ የተባለው አረጋጋጭ ተቋም «ኦኬ ኮምፖስት» የሚለውን ምልክት «ኢንዱስትሪያል» እና «ሆም» ብሎ የሚከፍለው ይህን ልዩነት ለማሳየት ነው። በደጋ ላለ አንባቢ ግን «ሆም» የሚለውም ቢሆን በጥንቃቄ ይነበብ፤ የደጋው ጓሮ ከፈተናው ይቀዘቅዛል፣ ክምሩ ትንሽ ከሆነም ሙቀት አይዝም።

በእንግሊዝ አገር የፕሊመዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኢሞጀን ናፐርና ሪቻርድ ቶምፕሰን በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት ነገሩን በተግባር ያሳያል። የተለያዩ ከረጢቶችን ለሦስት ዓመት በአፈር ውስጥ፣ በባሕር ውስጥና በአየር ላይ አቆዩ። «የሚበሰብስ» የሚል ጽሑፍ የነበረበት ከረጢት ከሦስት ዓመት በኋላም በአፈርና በባሕር ውስጥ ቆይቶ የገበያ ዕቃ መሸከም ይችል ነበር። ለኮምፖስት ተብሎ የተሠራው ከባሕሩ በሦስት ወር ውስጥ ጠፋ፤ በአፈር ውስጥ ግን ከ27 ወር በኋላ እንኳ ነበረ፣ ክብደት መያዝ ባይችልም።

ዕቃው የሚያርፍበት ቦታ

በሚላኖ ከተማ እነዚህ ከረጢቶች ይሠራሉ። ጣሊያን ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የማይበሰብስ የገበያ ከረጢት ከልክላለች፤ ከተማዋም የእያንዳንዱን ቤት የማእድ ቤት ትርፍራፊ ለይታ ትሰበስባለች። ከረጢቱ መጀመሪያ ከገበያ ዕቃ ይይዛል፣ ቀጥሎ የአትክልት ልጣጭና የተረፈ ምግብ ይዞ ወደ ማምረቻው አብሮ ይገባል። ጥቅሙ ያለው እርጥቡን ቆሻሻ ሳይበክል ማድረሱ ላይ ነው። በሲያትል የሚኖሩ ወገኖቻችን የሚያስተዳድሯቸው ምግብ ቤቶችም ተመሳሳይ ዕድል አላቸው፤ ከተማዋ የምግብ ትርፍራፊን ለይታ ትሰበስባለች፣ ስለዚህ ማምረቻው የሚቀበለውን የተረጋገጠ መያዣ መግዛት ለእነሱ ተገቢ ምርጫ ነው።

ቆሻሻው ሁሉ ተደባልቆ ወደ አንድ ክምር በሚሄድበት ከተማ ግን ስሌቱ ይለወጣል። በታመቀ ክምር ውስጥ አየር የለም። ፒ.ኤል.ኤ. በዚያ ሁኔታ ብዙም ሳይነካ ይቀመጣል፤ ስታርች ያለበት ደግሞ ያለ አየር ሲበሰብስ ሚቴን ያወጣል፣ ሚቴንም ከካርቦን ዳይኦክሳይድ እጅግ የበለጠ ሙቀት የሚያምቅ ጋዝ ነው። እንደ ረጲው ያለ የቆሻሻ ማቃጠያ ኃይል ማመንጫ ውስጥ ለሚገባ ቆሻሻ ደግሞ መበስበስ ትርጉም የለውም፤ እዚያ የሚለየው የካርቦኑ ምንጭ ነው፣ ከተክል የመጣ ካርቦን ከመሬት ሆድ ከወጣው የነዳጅ ካርቦን ይሻላል።

በክረምት የሚታየውንም ማንሣት ያስፈልጋል። ሐምሌ ላይ ጎርፍ የሚዘጋው ቱቦ የሚዘጋው ዛሬ በተጣለ ከረጢት ነው፤ ከረጢቱ በስድስት ወር የሚበሰብስ መሆኑ ውኃውን አያሳልፈውም። ከብትም እንዲሁ ነው። ላሟ ፌስታል ስትበላ ጨጓራዋ ውስጥ ተጠቅልሎ የሚገድላት በቀናትና በሳምንታት ሲሆን፣ ከላይ የተጠቀሱት ፈተናዎች አንዳቸውም ስለ ከብት ሆድ የተዘጋጁ አይደሉም። ስለዚህ «ይበሰብሳል» ብሎ ሜዳ ላይ መጣል በማንኛውም ዓይነት ከረጢት ስሕተት ነው።

ለየዕቃው ምን ይሻላል?

ለገበያ ዕቃ መያዣ መልሱ ቀላል ነው፤ ከፌስታሉም ከበቆሎውም ደጋግሞ የሚያገለግለው ይሻላል። ዘንቢል፣ ከማዳበሪያ ጆንያ የተሰፋ ከረጢት፣ ወይም ጠንካራ ጨርቅ ይበቃል። ሆኖም መግዛቱ ብቻ አይበቃም። የዴንማርክ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት የጥጥ ከረጢት በአየር ንብረት ረገድ ብቻ ከተራ የፕላስቲክ ከረጢት እኩል እንዲሆን 52 ጊዜ፣ የውኃውና የሌላው ጉዳት ሁሉ ሲታሰብ ደግሞ 7,100 ጊዜ መገልገል እንዳለበት ተሰልቷል። በስጦታ እየተከማቹ ቁም ሣጥን የሚሞሉ አዳዲስ የጥጥ ከረጢቶች ለማንም አይጠቅሙም፤ እናት ለዓመታት የያዘችው ዘንቢል ግን ይህን ስሌት አይፈራም።

ለትኩስ መጠጥ ስኒና ብርጭቆ አጥቦ መጠቀም የሚችል ቡና ቤት ሌላ መፈለግ የለበትም። ይዞ ለሚሄድ ደንበኛ በፒ.ኤል.ኤ. የተለበጠ የወረቀት ኩባያና በፖሊኤቲሊን የተለበጠው፣ ሁለቱም ወደ አንድ ክምር የሚሄዱ ከሆነ፣ የዋጋውን ልዩነት የሚያካክስ ጥቅም የላቸውም። እንደ ጉባኤ አዳራሽ ወይም የተከለለ ግቢ ያለ ሥፍራ፣ ቆሻሻው ከግቢው ሳይወጣ ተለይቶ ወደ ሚሞቅ ትልቅ ኮምፖስት የሚገባበት ከሆነ፣ የተረጋገጠው የሚበሰብስ ዕቃ ይመረጥ።

እንጀራ የተለየ ጉዳይ ነው። እንጀራ ላቡን ካልተወ ይሻግታል፣ ከመጠን በላይ ከተወ ይደርቃል። ፖሊኤቲሊን የውኃ ተንን እምብዛም አያሳልፍም፤ ፒ.ኤል.ኤ.ም ሆነ የስታርች ቅልቅል ከእሱ በጣም የበለጠ ያሳልፋሉ። ስለዚህ በሚበሰብስ ስስ ልባስ የተጠቀለለ እንጀራ ዳር ዳሩ ቶሎ ይደርቃል፤ በአውሮፕላን ተጭኖ ወደ ዋሽንግተን ወይም ወደ ዱባይ ለሚሄደው እንጀራ ይህ ከባድ ጉድለት ነው። ለዚህ አገልግሎት የተለመደው ፕላስቲክ ገና ብቁ ተተኪ አላገኘም ብል እውነቱን መናገሬ ነው፤ ሲበላሽ የሚጣለው ጤፍ፣ ውኃና ድካም ከልባሱ የሚበልጥ ጉዳት አለው። ሰፈር ውስጥ ለሚሸጠው ግን ደንበኛው መሶብ ወይም ክዳን ያለው ዕቃ ይዞ እንዲመጣ መልመድ ይቻላል።

የውኃ ጠርሙስን፣ በተለምዶ ሃይላንድ የምንለውን፣ በፒ.ኤል.ኤ. መተካት አይገባም። የፔት ጠርሙስ ዋጋ አለው፤ ለቅሞ የሚሸጥ ሰው አለ፣ የሚገዛና ፈጭቶ እንደገና የሚያዘጋጅ ፋብሪካም አለ። ፒ.ኤል.ኤ. ፔትን ይመስላል፣ እንደ ፔትም ውኃ ውስጥ ይሰምጣል፣ ስለዚህ በእጅም በውኃም ለመለየት ያስቸግራል። ሁለቱ ሲደባለቁ ፒ.ኤል.ኤ. ቀድሞ ለስልሶ ይጣበቃል፣ የሚወጣውም ጥሬ ዕቃ ይደበዝዛል፣ ጥንካሬውም ይቀንሳል። በጠርሙስ ለቀማ ለሚተዳደር ሰው እንጀራውን መንካት ነው።

ከሁሉም ይልቅ ተስፋ የማደርገው የችግኝ ማፍያ ቱቦ ላይ ነው። የአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየክረምቱ እጅግ ብዙ ችግኝ ይተከላል፤ ከዚያ ውስጥ ብዙው የሚያድገው በጥቁር ፖሊኤቲሊን ቱቦ ነው። ደንቡ ሲተከል ቱቦው ተቀድዶ እንዲወጣና ተሰብስቦ እንዲመለስ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ሕዝብ በአንድ ቀን በሚተክልበት ኮረብታ ላይ ቱቦው እዚያው ሊቀር ይችላል፣ ሳይቀደድ የተቀበረ ከሆነም ሥሩ ውስጡ እየተጠመዘዘ ዛፉን ያቀጭጫል። እዚህ ቦታ ላይ የዕቃው ማረፊያ አፈር መሆኑ ከመጀመሪያው የታወቀ ነው፣ ስለዚህ በአፈር ውስጥ መበስበስ እውነተኛ ጥቅም አለው። መመረጥ ያለበት ግን የአፈር ማረጋገጫ ያለው ነው። «ኦኬ ባዮዲግሬደብል ሶይል» የሚለው ምልክት ለዚህ የቆመ ነው፤ ለማሳ መሸፈኛ ፕላስቲክ ደግሞ ኢኤን 17033 የተባለው የ2018 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ደረጃ በ25 ዲግሪ ገደማ ባለ አፈር በ24 ወር ውስጥ 90 በመቶ እንዲበሰብስ ይጠይቃል። ንጹሕ ፒ.ኤል.ኤ. እዚህ አይሠራም፤ የስታርችና የፒ.ቢ.ኤ.ቲ. ቅልቅል ወይም ፒ.ኤች.ኤ. ይሻላል። ሌላው ፈተና ጊዜው ነው። ቱቦው በጣቢያው ውስጥ በየቀኑ ውኃ እየጠጣ፣ ፀሐይ እየመታው፣ ለወራት መጽናት አለበት፤ የጽድ ችግኝ ከግራር ይልቅ ረዘም ብሎ ስለሚቆይ ለአንዱ የበቃ ቱቦ ለሌላው በመጓጓዣ ላይ ሊፈርስ ይችላል። ስለዚህ ማንም ጣቢያ ሙሉ ምርቱን በአንድ ጊዜ ወደ አዲሱ ቱቦ ማዞር የለበትም፤ ጥቂት መቶ ችግኝ በሁለቱም ዓይነት ጎን ለጎን አሳድጎ፣ ተከላ ላይም የሚበሰብሰውን እንኳ ታቹንና ጎኑን ቀድዶ ቢተክል ይሻላል።

ከመግዛትዎ በፊት

የሚበሰብሱ ፕላስቲኮች ከተለመዱት ይወደዳሉ፤ ስለዚህ ልዩነቱን የሚከፍል ሰው ማስረጃ የመጠየቅ መብት አለው። አቅራቢውን የማረጋገጫ ወረቀቱን ቁጥር ይጠይቁ፤ ቁጥሩ በአረጋጋጩ ተቋም የመረጃ ቋት ውስጥ መኖሩን፣ የተመዘገበው ውፍረትም ከቀረበልዎት ዕቃ ጋር መመሳሰሉን ይመልከቱ፤ የተፈተነው ስስ ሆኖ የሚሸጠው ወፍራም ከሆነ ማረጋገጫው ለእርስዎ ዕቃ አይሠራም። ቀለሙና የሚታተምበት ቀለም በማረጋገጫው ውስጥ መካተቱንም ይጠይቁ። አስመጪ ከሆኑ ደግሞ የአዲሱን አዋጅ የትርጓሜ አንቀጽና ማስፈጸሚያ መመሪያውን ከአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር ሳያጣሩ ኮንቴይነር አያዝዙ፤ «የሚበሰብስ» የሚል ጽሑፍ ከክልከላው ነጻ ያደርጋል ብሎ መገመት ካፒታልን ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

ናሙና ሲደርስዎት ራስዎ መፈተን ይችላሉ። ከናሙናው፣ ከተለመደው ፌስታልና ከተራ ወረቀት እኩል ቁራጮችን ቆርጠው፣ እያንዳንዱን በቀዳዳ መረብ አስረው በራስዎ የኮምፖስት ክምር ውስጥ አንድ ክንድ ያህል ይቅበሩ፤ ቀኑን ይጻፉ፣ ክምሩም እንዳይደርቅ ውኃ ይስጡት። በሦስተኛው፣ በስድስተኛውና በአሥራ ሁለተኛው ወር አውጥተው ያነጻጽሩ። ወረቀቱ በስብሶ ናሙናው እንደ ፌስታሉ ሙሉ ሆኖ ከተገኘ፣ ክምሩ ሕያው ነው፣ ዕቃው ግን ለእርስዎ ጓሮ አልተሠራም። ወረቀቱም ካልበሰበሰ ጉድለቱ የክምሩ ነው፤ ፍግና ውኃ ጨምረው፣ አገላብጠው፣ ፈተናውን እንደገና ይጀምሩ።